ቢጫው ስንዴና የእኔ አፍ

ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄዱ፣ አስፋልቱን ተጠግታ የተኛች አንዲት ደልዳላ ማሳ ታያላችሁ። የእኔ ናት። በዚያ አካባቢ ከእኔ በፊት በመስመር የዘራ፣ ከእኔ በፊት ዩሪያ ማዳበሪያ የበተነ፣ ከእኔ በፊት የሞዴል አርሶ አደርነት ወረቀት ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ለመኩራራትም ቢሆን ምክንያት አላጣም። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በዲያቆን ትከሻ ላይ አሻግሬ መጽሐፍ እያየሁ ነው፤ የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ያወቅሁት ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው። ይህንንም ጽሑፍ በሰባ ስድስት ዓመቴ የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ማንም አልጻፈልኝም።

ዛሬ የምተርክላችሁ ግን ጉብዝናዬን አይደለም። ካደግሁ፣ ከወለድሁና ከከበርሁ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ እንደገና ሰው የሆንሁበትን ነገር ነው።

ጊዜው ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ አሥር ዓመት ያለፈበት ነበር። የሴቶች እኩልነት በየቀበሌው ስብሰባ ይነሣል። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። ከተናጋሪዎቹም ረጅሙን የተናገርሁት እኔ ነበርሁ፤ ጭብጨባውም ለእኔ የተለየ ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ ቀን የምርምር ጣቢያ መኪና ማሳዬ ዳር ቆመ። አንድ ጎልማሳ ወረደ፤ ከኋላው ቦት ጫማ ያደረገች ቀጭን ልጅ ወረደች። እኔ ቀድሜ የሰውየውን እጅ በሁለት እጄ ጨበጥሁ።

"እንኳን ደህና መጡ ዶክተር።"

ሰውየው ሳቀ። "እኔ ሹፌር ነኝ አያ። ተመራማሪዋ እሷ ናት።"

ዞር ብዬ አየኋት። "አለቃሽስ መቼ ይመጣል?" አልኋት።

"ለዚህ ሥራ አለቃው እኔ ነኝ አያ ዳምጤ" አለች። "ካልበቃሁዎ ግን ሹፌሩን ልተውልዎ።"

እመቤት ትባላለች፤ የቡሬ ልጅ ናት። አነጋገሯ ደስ አለኝና ተቀምጠን አወጋን። የመጣችበት ጉዳይ ግብጦ የሚባለው ጥራጥሬ ነበር። በእኛ አገር መሬት ሲደክም ግብጦ ይዘራበታል፤ ብዙ ሳይለፋበት ይበቅላል፣ መሬቱንም ያሳርፋል።

"ያሳርፋል ትላላችሁ፤ እውነትም ይሆናል" አለች። "ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ግን የለካው የለም። እኔ ልለካው ነው።"

ገመድና ካስማ አውጥታ ማሳዬ ላይ ሁለት መደብ ጎን ለጎን ለካች። በዚያ ዓመት አንዱ ግብጦ፣ አንዱ ስንዴ ይዘራበታል። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም ስንዴ ይዘራባቸዋል፤ በሁለቱም ላይ ማዳበሪያ የሚባል ነገር አይደርስም። ግብጦ የቀደመው ከሌላው ምን ያህል እንደሚበልጥ ያን ጊዜ ይታያል። ይህንኑ ሦስት ቦታ ደገመችው፦ አንዱን ጥንድ መንገድ ዳር፣ አንዱን መሐል ማሳ፣ አንዱን ታች ወንዙ አጠገብ።

"ለምን ሦስት ጊዜ?" አልኋት።

"አንድ ምስክር ሊሳሳት ይችላላ አያ።" ከዚያም ግብጦ ወደማይዘራበት መደብ እየጠቆመች፣ "አደራዎን፣ ይህን አይንኩብኝ። ይከሳል፣ ይጠወልጋል፤ ይጠውልግ። እውነቱን የሚነግረኝ እሱ ነው" አለችኝ።

"ዳምጤ አደራ በልቶ አያውቅም" አልሁ።

ያች ልጅ ዓመት ተኩል ተመላለሰች። መኪናው ለወንዶቹ ተመራማሪዎች ሲመደብ በአውቶቡስ ጅጋ ትወርድና በእግሯ ትመጣለች። በሁለተኛው ክረምት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷ ከገፋ በኋላ እንኳ ጭቃው ውስጥ በዱላ እየተመረኮዘች ስንዴውን በሜትር ስትለካ አይቻታለሁ። ነሐሴ ሲገባ ወለደች። ወሊድ ፈቃድ ላይ ሆነችና ቀረች።

ነገሩ የተበላሸው በዚህ መካከል ነው።

በእኛ አገር መንገድ ዳር ያለ ማሳ የባለቤቱ ፊት ማለት ነው። የገበያ ቀን ወደ ጅጋ የሚሄደው ሰው ሁሉ እያየ ያልፋል፤ አይቶም ዝም አይልም። ያ ግብጦ ያልቀደመው ባዶ መደብ ደግሞ በአስፋልቱ አፍንጫ ሥር ቢጫ ሆኖ ቆሟል።

"አያ ዳምጤ፣ ስንዴህን የወፍ በሽታ ያዘው እንዴ?" ይለኛል አንዱ።

"ጠበል አስጠምቀው እንጂ!" ይላል ሁለተኛው።

"ተዉት፣ የሞዴል ስንዴ እንዲህ ነው" ይላል ሦስተኛው። ይኼኛው አንገበገበኝ።

ሙከራ ነው፣ የእኔ አይደለም ብል ያበቃ ነበር። አላልሁም። ለምን ብትሉ፣ በየጠላ ቤቱ "ማሳዬ ላይ ምርምር እያካሄድሁ ነው" ስል ከርሜ ነበርና።

በዚያው ሳምንት የምርምር መኪና ቆመ። የወረደው ሙሉጌታ የሚባል የእመቤት የሥራ ባልደረባ ነው። ቢጫውን መደብ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"ይህን የሚከታተለው ማነው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አልሁት።

"እመቤትስ?"

አሁን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል፤ ግን ያልሁትን ብያለሁ። "ልጂቱማ ወልዳ ተኝታለች። በፊትም መጥታ መጻፍ እንጂ ምን ትሠራለች? ያቀድሁትም እኔ፣ የዘራሁትም እኔ፣ የምቆጣጠረውም እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ የዳምጤ ራስ የወለደው ነው።"

ሙሉጌታ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። ስሜ ሲጻፍ ሳይ ደረቴ ነፋ አለ።

ራስ የወለደው ካልሁ በኋላ ያ ቢጫ ስንዴ እንዴት ይቁም? በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ለበቆሎዬ ከያዝሁት ዩሪያ ሁለት ጣሳ ዘግኜ በመንገድ ዳሩ ባዶ መደብ ላይ በተንሁት። መሐሉንና ታቹን አልነካሁም፤ እነሱን ማን ያያቸዋል? ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። መስከረም ሲጠባ ስንዴው እንደ ጎረቤቱ መደብ ለመለመ። ተሳላቂዎቹም ዝም አሉ። ሚስቴ ጥሩወርቅ ዩሪያውን ስበትን ከደጅ ቆማ አይታኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ጉብኝት ተባለ። ከምርምር ጣቢያው ገምጋሚዎች መጥተው ማሳውን ያያሉ። በዋዜማው ጠዋት እመቤት ሕፃኗን አዝላ መጣች። ጥሩወርቅ ከሩቅ ስታያት ጮኸች።

"ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ! ክርስትና ያልተነሣች ሕፃን ይዘሽ ማሳ ለማሳ?"

"ምን ላድርግ እማማ። የእኔ ፈቃድ ቢቆይም የእነሱ ጉብኝት አይቆይም።"

ጥሩወርቅ ሕፃኗን ተቀብላ ወደ ቤት ገባች፤ ክፉ እንዳይነካትም ከራስጌዋ ቢላ አኖረችላት። እመቤት ወደ መንገድ ዳሩ መደብ ሄደች። ተከተልኋት። ቆመች። ቁጢጥ ብላ ቅጠሉን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ግብጦ የቀደመውን አየች፤ እንደገና ይኼኛውን። ሁለቱ ስንዴዎች መንታ ሆነዋል። ወደ መሐል ማሳ፣ ከዚያም ወደ ወንዙ ወረደች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ታችና መሐል ያሉት ልክ ናቸው" አለችኝ። "ባዶው ባዶ ነው፤ ግብጦው ግብጦ ነው። ይህ ግን... አያ ዳምጤ፣ ነክተውታል?"

"እኔ?" አልሁ ደረቴን እየመታሁ። "እኔን ነው የምትጠይቂ? መሬቱ ነው። መንገድ ዳሩ ድሮም ጎበዝ መሬት ነው።"

ጥቂት አየችኝና አንገቷን ደፋች። "እርስዎ አልነካሁም ካሉ አልነኩም" አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አመነችኝ።

ድንበሩ ላይ ተቀመጠችና ለራሷ እንደምትናገር ሆና ተናገረች። "ለዶክትሬት የሚላክ አንድ ሰው ነው። ወይ እኔ ወይ ሙሉጌታ። ነገ የሚያዩት ይወስናል፤ እነሱ ደግሞ ከአስፋልት ብዙም አይርቁም። ስንዴው ይህን ከመሰከረ ደግሞ ይህንኑ ነው የምጽፈው። ግብጦ አንድ ቦታ ሠራ፣ አንድ ቦታ አልሠራም ማለት ነው። ምናልባት የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።"

እሷ ከራሷ ጋር ስትጣላ እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልሁ። ብዙ ነገር አድርጌ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ ግን የሚያሳፍረኝ የለም።

እመቤት ሕፃኗን ይዛ ለአዳር ጅጋ ገባች። ጀንበር ሳትጠልቅ ጥሩወርቅ ደጅ ላይ ተቀምጣ ዘር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ቀና ሳትል፣

"ነገርኻት?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ሁለቱን ጣሳ።"

"አንቺ ደግሞ! ስንዴው አማረ እንጂ ምን ሆነ?"

ጥሩወርቅ ሰፌዱን ከጉልበቷ አወረደች። እሷ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ያን ቀንም አላደረገችም። "ሠላሳ ዓመት ዘር የመረጥሁ እኔ ነኝ። አንተ ስትሸለም 'የዳምጤ ዘር' ሲሉ ቆሜ እልል ብያለሁ። እኔስ ለምጀዋለሁ። እሷን ግን አታልምዳት።"

ተነሥታ ገባች። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። እራት ቀረበ፤ ልጉረስ አልጉረስ አላውቅም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ መኪኖቹ መጡ። ገምጋሚዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሰብሳቢያቸው ጠጉሩ የሸበተ ዶክተር ነው። ሙሉጌታም አብሯቸው ወረደ። እመቤት ወረቀቷን ይዛ መንገድ ዳሩ ላይ ቆማ ማስረዳት ጀመረች። እንዳለችው አንዳቸውም ከአስፋልቱ ዳር እልፍ አላሉም።

መሐል ላይ ሕፃኗ ከጥሩወርቅ እጅ አለቀሰች። ሰብሳቢው በርኅራኄ፣ "ወይዘሮ እመቤት፣ ልጅሽን አጥቢ። ሙሉጌታ ይቀጥልልሻል" አላት።

"እያጠባሁ መናገር እችላለሁ ዶክተር" አለች። ሕፃኗን ተቀብላ፣ ነጠላዋን አልብሳ፣ ካቆመችበት ቃል ቀጠለች። አንዱ ገምጋሚ ጫማውን አየ።

ስትጨርስ ሰብሳቢው ሁለቱን መደቦች እያየ፣ "እዚህስ ልዩነት አይታየኝም" አለ።

"እዚህ የለም" አለች። "ለምን እንደሌለ አላወቅሁም። አላውቅም ብዬ ጽፌአለሁ።"

ሙሉጌታ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ወሊድም የተፈጥሮ ነገር ነው። ግን ማሳው ሁለት ወር ተኩል ያለ ተመራማሪ ቆይቷል። ከዚያም በፊት ቢሆን..." ደብተሩን ገለጠ። "ባለ ማሳው ራሳቸው እቅዱም ሥራውም የእኔ ነው፣ እሷ መጥታ ትጽፋለች እንጂ ብለውኛል። እዚሁ አሉ፤ ይጠየቁ።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እመቤትም አየችኝ። ያ አስተያየት ቁጣ አልነበረበትም። የገዛ ልጁ የመታው ሰው አስተያየት ነበር።

ያን ጊዜ መንገዱ ዳር ደግሞ ሰው ተሰብስቧል፤ የወፍ በሽታ ያዘው ሲሉኝ የነበሩት ሁሉ አሉ። አስቡት አንባቢዎቼ! በዚያ ሕዝብ ፊት ሃምሳ ዓመት የገነባሁት ስም አለ። "አዎ፣ እኔ ነኝ" ብል በስሜ ላይ ስም እጨምራለሁ። ጥሩወርቅን አየኋት። እሷ እኔን አላየችም፤ ስንዴውን ነው የምታየው።

ቆቤን አወለቅሁ። "ጌቶቼ" አልሁ፣ "የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

"ምኑን?" አለ ሰብሳቢው።

"ሁለት ውሸት ነው። አንደኛው ይህ መደብ ነው። ቢጫ ሆኖ ሰው ሲስቅብኝ ሁለት ጣሳ ዩሪያ በተንሁበት። አትንካ ብላ አደራ ሰጥታኝ ነበር። ትናንት ስትጠይቀኝም ካድኋት። ሁለተኛው ለእኚህ ሰውዬ የነገርኋቸው ነው። እቅዱ የእሷ ነው። ገመዱን የዘረጋች እሷ ናት። እኔ ያወቅሁት ግብጦ መዝራት ነው፤ እሱን ደግሞ አያቴም ያውቅ ነበር። እናንተ መኪናውን ይዛችሁ ስትሄዱ ይህች ልጅ ከጅጋ በእግሯ እየመጣች፣ ሆዷ ገፍቶ ጭቃ ውስጥ ስትለካ ያየሁ እኔ ነኝ። ሁለት ወር ተኩሉን ቆጥራችኋል፤ ዓመት ተኩሉንም ቁጠሩ።"

ከመንገዱ ዳር አንዱ "አያ ዳምጤ ተሸነፈ!" አለ። ሌላው "ዝም በል!" አለው።

ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲህ ይህ መደብ ተበላሽቷል።"

እኔ መሬት ብትውጠኝ እያልሁ ሳለ እመቤት ቀና አለች። ሕፃኗ ጡት ይዛ ተኝታለች። ፊቷ በርቷል! ከትናንት ጀምሮ ራሷን ስትወቅስ ነበርና፣ ስሕተቱ የእሷ አለመሆኑን አሁን ገና አወቀች።

"ተበላሽቷል፤ ግን ዝም አላለም ዶክተር" አለች። "እዩት። ይኼኛው ዩሪያ በልቶ እዚህ ደረሰ። ያኛው ከግብጦ በቀር ምንም ሳይበላ ከእሱ እኩል ደረሰ። አያ ዳምጤ ሳያውቁ ያልጠየቅሁትን ሙከራ ሠርተውልኛል።" ሰብሳቢው ሊናገር ሲል እጇን አነሣች። "ማስረጃ ግን አልለውም፤ ስንት እንደበተኑ አልመዘንሁም። ማስረጃዬ መሐል ማሳና ታች ነው። ጫማችሁን ጭቃ ይነካዋል እንጂ ሩቅ አይደለም።"

ቀድማ ሄደች። ሦስቱም ተከተሏት፤ ሙሉጌታም ሄደ። ወንዙ አጠገብ ግብጦ የቀደመው ስንዴ ከወገብ በላይ ቆሟል፤ ባዶው ከጉልበት አላለፈም። ሰብሳቢው ሁለቱ መካከል ገብቶ ቆመና ዛላውን በመዳፉ አሸ። "ይህንን ለምን መጀመሪያ አላሳየሽንም?" አላት።

"አልመጣችሁማ" አለች።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ፤ አላበቃም። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሁለት ቦታ አይበቃም፣ አንድ ዙር ይደገም ብሎ ወሰነ። በዚያ ዓመት ለዶክትሬት የተላከው ሙሉጌታ ነው። የእኔ ሁለት ጣሳ የሰው ሕይወት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አደረገች።

በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ እመቤት ገመዷን ይዛ ስትመጣ ደጄ ላይ ተቀበልኋት።

"ተቀይመሽኛል?" አልኋት።

"አዎ" አለች። አልሸፋፈነችውም።

"ታዲያ ለምን ወደ እኔ ማሳ መጣሽ?"

"ከእንግዲህ ባዶውን መደብ ከእርስዎ አብልጦ የሚጠብቅልኝ ሰው ከየት አመጣለሁ?"

ጠበቅሁላት። በእሾህ አጠርሁት። ሰው ሲስቅ፣ "ይህ የእመቤት ሥራ ነው፤ ቢጫውም የእሷ፣ አረንጓዴውም የእሷ ነው። ገብቶህ ከሆነ እለፍ፣ ካልገባህ ቁምና ላስረዳህ" እል ጀመር። ብዙዎቹ ማለፉን መረጡ፤ እኔ ሳስረዳ አልቸኩልምና።

እሷም ዙሩ እንዳለቀ በሁለተኛው ዓመት ተላከች። ዘግይታ ሄደች፤ ግን ሄደች።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ለእኩልነት እጅ ያወጣሁ ሰው ነበርሁ። ሴት አትማር ብዬ አላውቅም፤ በሯን አልዘጋሁባትም። ያደረግሁት ከዚያ የቀለለ ይመስላል፦ ድካሟን "የእኔ ነው" አልሁ። እንዲህ ያለውን ነገር በስብሰባ ማንም አያነሣውም። ሌላው ይህን ሰምቶ ይጽፋል፤ ሦስተኛው የተጻፈውን አንብቦ ይፈርዳል። አንዳችንም ክፉ ሳንሆን አንዲት ሴት ወደኋላ ትቀራለች። እናንተም ጎበዞች ከሆናችሁ፣ እንደ እኔ ማለት ነው፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ሥራው የማን እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ስሸለም "ዘሩን የመረጠችው ጥሩወርቅ ናት" እላለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ስል ጥሩወርቅ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን ቀና ብላ ቆመች።

እመቤት ዶክተር ሆና ስትመለስ ሥራዋን እንደ መጽሐፍ ጠርዛ አመጣችልኝ። አንብቢልኝ አልኋትና ከእንግሊዝኛ እየተረጎመች አነበበችልኝ። አንድ ቦታ ላይ፣ "በመጀመሪያው ዙር የአንድ ቦታ ውጤት በአያያዝ ጉድለት ምክንያት አልተካተተም" ይላል።

"የማን ጉድለት?" አልኋት።

"እንዲህ ነው የሚጻፈው አያ፤ ስም አይጠራም።"

"ስሜ የትም የለም?"

"ምስጋናው ላይ አለ። መጀመሪያ ላይ።"

"ከምስጋናው አውጪኝና ጉድለቱ ላይ ጻፊኝ።"

ሳቀች። "አይቻልም አያ ዳምጤ። ታትሟል።"

እንግዲያው እሷ ያልጻፈችውን እኔ እጽፋለሁ ብዬ ይህን ብዕር አነሣሁ። መንገድ ዳር ባለው መደብ ላይ ዩሪያ የበተነው ዳምጤ ነው።